የሐረጎ አማካይ

በ2074 ዓ.ም. መስከረም ሲጠባ በሉባባ ይመር መኪና በር ላይ የተጻፈው ቁጥር 8.0 ነበር። መኪናዋ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ስምንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ማለት ነው፤ ሰዎች ሲያሳጥሩት «በኪሎ ስምንት» ይላሉ። በእውነት የምትሄደው ግን በኪሎ 6.6 ነበር። ሉባባ በየሥራ ቀኑ ከደሴ ተነሥታ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ትገባለች፤ ማታ ያንኑ ወጥታ ትመለሳለች። ደርሶ መልሱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ ከጎማዎቿ ኃይል እየለቀመች ወደ ባትሪዋ ትመልሳለች። በዳገቱ ላይ የለቀመችውን ሁሉ ትከፍላለች፤ ያልለቀመችውንም ትጨምርበታለች።

በበሩ ቁጥርና በመንገዱ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት በሕግ «የአነዳድ ጉድለት» ይባላል። የጉዞ ልክ ባለሥልጣን በየሦስት ወሩ የእያንዳንዱን መኪና አማካይ ያወጣል። አማካዩ ከበሩ ቁጥር ዘጠኝ አሥረኛ በታች ከሆነ፣ በሩ ላይ ያለው አረንጓዴ መስመር ቢጫ ይሆናል። በሚቀጥለው ሩብ ዓመትም ካልተስተካከለ ቀይ ይሆናል። ቀይ መስመር ያላትን መኪና በአገሪቱ ውስጥ ያለ የትኛውም ሶኬት ቻርጅ አያደርጋትም።

የሉባባ መስመር በአዲስ ዓመት ዋዜማ ቢጫ ሆነ። እስከ ኅዳር መጨረሻ በኪሎ 7.2 መድረስ ነበረባት።

ባሏ እንድሪስ ኩላሊቶቹ መሥራት ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ኮምቦልቻ ወርዶ ደሙ ይታጠባል። ለአዲስ ኩላሊት የተሰጠው ተራ በ2077 ነው። አውቶቡሶች ሐረጎን መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል፤ የበራቸውን ቁጥር ማሟላት አልቻሉም ነበር። ስለዚህ እንድሪስን ወደ እጥበቱ የምታደርሰው ያቺ መኪና ብቻ ናት።

እንድሪስ ድሮ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ወሬ ይወዳል። በእጥበቱ ቀን ጠዋት ሰውነቱ ውኃ ይዞ ይከብዳል፤ ከሰዓት በኋላ ሦስት ኪሎ ያህል ቀንሶ ይወጣል። «አላህ ለሐረጎ ብሎ የሰጠኝ ሕመም ነው» ይላል። «ስወርድ ከባድ፣ ስወጣ ቀላል። ከዚህ የተሻለ ተሳፋሪ ከየት ታመጫለሽ?»

ይህ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዓመት በደሴ ማንም ሰው በመኪናው ማሞቂያ አይከፍትም ነበር፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይነዳል። የኋላ ወንበሮች ተነቅለው ሳሎን ገብተዋል፤ እንግዳ ሲመጣ የመኪና ወንበር ላይ ይቀመጣል። ትርፍ ጎማ፣ ክሪክና ምንጣፍ ከመኪና ወርደዋል። ዝናብ ከጣለ ጎማ ላይ የያዘው ጭቃ በቢላ ይፋቃል። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ፣ «እንዴት አደርሽ? ቁጥርሽስ?» ይባባላል።

ቁልቁለቱ ኃይል ስለሚመልስ፣ ጠዋት ሲወርድ ክብደት ይፈለጋል። ማታ ሲወጣ አይፈለግም። ጠዋት መንገድ ዳር የቆመን ሰው ለምኖ የሚያሳፍር ነጂ ማታ ያንኑ ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሁለቱም ያውቃሉና አይቀያየሙም።

ሉባባ በምትኖርበት በቧንቧ ውኃ ሰፈር ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሰው የሚሻማው በጋሽ ሽፈራው ነበር። ጋሽ ሽፈራው እህል ነጋዴ ናቸው፤ ክብደታቸው 118 ኪሎ ነው። ማታ የሚያወጣቸው ስለሌለ ሳምንቱን ኮምቦልቻ መጋዘናቸው ውስጥ ያድራሉ። እሑድ በምትወጣው ብቸኛ የእህል መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጠው ቤታቸው ይመጣሉ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው» አለች ሉባባ የፊት በሯን ከፍታ።

«አንቺ ልጅ፣ ያለፈው ሰኞም ከአንቺ ጋር ወርጄ የለ? የከማል ሚስት ተቀይማኛለች።»

«ያለፈው ሰኞ ቁርስ ሳይበሉ ነው የወረዱት። አይቆጠርም።»

ጋሽ ሽፈራው በሳቅ ሆዳቸው ተርገበገበ። እየተጨናነቁ ገቡ። እንድሪስ ከኋላ ወለሉ ላይ፣ ትራስ ላይ ተቀምጧል።

«እንድሪስ፣ እንዴት ነህ?»

«ዛሬ ከባድ ነኝ፣ ጋሼ። እርስዎን ልደርስብዎ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«አይዞህ። እዚህ ለመድረስ ሃምሳ ዓመት ክትፎ በልቻለሁ።»

በዚህ ሁሉ የሉባባ አማካይ በመስከረም መጨረሻ 6.8 ደረሰ። ከዚያ አልፎ አልሄደም።

ሉባባ በክር ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ሥራዋ ክርን እስኪበጠስ መሳብና የተበጠሰበትን ልክ መመዝገብ ነው። ክር ከተጻፈለት ልክ ቀድሞ ከተበጠሰ የሚጠየቀው ክሩን የፈተለው ማሽን ነው። ክሩን የሳበው ሰው ተጠይቆ አያውቅም። ይህን እያሰበች በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት ኮምቦልቻ ወደሚገኘው የባለሥልጣኑ ቅርንጫፍ ሄደች።

የተቀበላት ኢዮስያስ ታምሩ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር። ትሑት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ይህ ቁጥር የት ነው የተለካው?»

«እዚሁ ከኋላ ባለው አዳራሽ። ከፈለጉ ላሳይዎት እችላለሁ።»

አዳራሹ ነጭና ጸጥ ያለ ነው። የእሷን የመሰለች መኪና በሁለት ከበሮዎች ላይ ቆማ ጎማዎቿ ይሽከረከራሉ፤ ወደየትም አትሄድም። መሪው ላይ የተቀመጠው 68 ኪሎ የሚመዝን አሻንጉሊት ነው። ሙቀቱ ሃያ ዲግሪ ነው። ነፋስ የለም።

«ዳገትስ?»

«ዳገት የለውም። እንጨምር ብንል የትኛውን ዳገት እንጨምራለን? የእናንተን ብንጨምር የአፋር ሰው ምን ይለናል?»

«የአፋር ሰው ምን ቸገረው? ሜዳ ላይ ነው ያለው።»

ኢዮስያስ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ቁጥሩ የመኪናዋ ነው፣ እትዬ። ዳገቱ የእርስዎ ነው።»

«ባለቤቴን እጥበት የማደርሰው በዚች ነው።»

«ይገባኛል። ሕጉ የጉዞ ምክንያት አይጠይቅም፤ ለማንም እንዳያዳላ ነው።»

እስከ በሩ ሸኛት። በግቢው ከቆሙት የሠራተኞች መኪኖች አንዷ ቢጫ መስመር ነበራት። ሉባባ ቢጫዋን መኪና ስታይ ኢዮስያስ አየና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

የዚያን ዕለት ማታ ሐረጎን ስትወጣ ከሁሉ የከፋው መታጠፊያ ላይ አቆመች። እንድሪስ ኋላ ተኝቷል፤ ከእጥበት በኋላ ሁልጊዜ ይደክመዋል። የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር በየሜትሩ ሲወርድ እያየች ነበር የመጣችው። ሞተሩን አጠፋች፤ መኪናዋን ከማርሽ ነፃ፣ ፎሌ ላይ አድርጋ ወረደች። በተከፈተው በር በኩል አንድ እጇን መሪው ላይ አድርጋ በትከሻዋ ገፋች። መኪናዋ ትንሽ ናት፤ የኋላ ወንበሮቿም የሉም። ጥቂት እርምጃ ሄደች። ሉባባ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገብታ ቁጥሩን አየች። ርቀቱ ተቆጥሯል። ኤሌክትሪክ አልተቆጠረም።

እትዬ ዘውድነሽ በዚያው መንገድ ከለቅሶ በእግራቸው እየተመለሱ ነበር። ጎረቤት ናቸው፤ የእድሩ ዳኛም ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ መጥተው ሳይጠይቁ መዳፋቸውን መኪናዋ ላይ አሳረፉ። በዚያ አገር የቆመ መኪና አይቶ ሳይገፋ የሚያልፍ ሰው የለም። የወረሱት ልማድ ነው፤ መኪኖች ተበላሽተው መቆም ከተውም በኋላ አልተረሳም።

«ምን ሆነችብሽ?»

«ምንም አልሆነች። ደህና ናት።»

«ደህና ከሆነች ምን ያስገፋሻል?»

«ቁጥር ልሞላ ነው፣ እትዬ። ጎማው ሲዞር ይቆጥራል። ማን እንዳዞረው አይጠይቅም።»

እትዬ ዘውድነሽ በመስኮቱ አጮለቁ። «እንድሪስ ውስጥ ነው?»

«ተኝቷል።»

«አስነሽውና መሪውን ይያዝ። አንቺ ወዲህ ነይ፤ በአንድ ክንድ መኪና አይገፋም።»

ሲገፉ ከመንገዱ በላይ ካለው ቤት ሁለት ወንዶች ወረዱ። ቀጥሎ ከመስጊድ የሚመለሱ ሦስት ሰዎች ተጨመሩ። አንዳቸውም ምክንያቱን የጠየቁት መታጠፊያው ካለቀ በኋላ ነው። ሲነገራቸው ተያዩ፤ ሁሉም የእሷን የመሰለ ሞዴል፣ ቢጫ መኪና ነበራቸው።

እንዲህ ተጀመረ። በሳምንቱ ውስጥ ሰፈሩ ወንፈል ገባ፤ ዛሬ የአንቺን እንገፋለን፣ ነገ የእኔን ትገፋላችሁ። ማታ ከሥራ መልስ በሐረጎ መታጠፊያዎች ላይ ሰዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። መኪና ሲመጣ ነጂው ሞተሩን ያጠፋል፤ ቀላል የሆነው ሰው መሪ ይይዛል፤ የቀሩት ይገፋሉ። ኮምቦልቻ የሚያድሩት ጋሽ ሽፈራው ከዳገቱ ሥር ያለውን ቡድን ያዙ። እሳቸው ትከሻቸውን ሲያስጠጉ መኪናው ራሱ ይገባዋል ይባል ነበር። ዜማ ወጣለት፤

«ባትሪው ይተኛ፣ እኛ እንድከምለት፣
የመንግሥት ቁጥር ነው፣ ሰው ይጨመርለት።»

ለ7.2 የሚበቃው ሁለት ኪሎ ሜትር መግፋት ነበር። ሉባባ አስልታ ለሁሉም ተናግራለች። ይሁን እንጂ ወንፈል የሒሳብ ሥራ አይደለም። ሁለት ኪሎ ሜትር የተገፋለት ሰው በተራው ልክ ሁለት ገፍቶ ቢያቆም «ሰፍሮ ሰጠ» ይባላል። ስለዚህ ትንሽ ምርቃት ይጨምራል፤ እስከ ቀጣዩ ዋርካ፣ እስከ ቀጣዩ ድልድይ። ያ የተመረቀለት ሰው ደግሞ ምርቃቱን ከነምርቃቱ ይመልሳል።

«በቃ እኮ፣ ደርሳለች!» ትላለች ሉባባ ላቧን እየጠረገች።

«ነውር ነው!» ይላሉ ከኋላ። «ትናንት የእኛን እስከ ላይ አድርሳችሁ!»

መሪ የያዘው እንድሪስ በመስኮት አንገቱን ያወጣል። «ተዉአቸው፣ ሉባባ። አባቴ የጭነት መኪና ነጂ ነበር፤ በእሱ ጊዜም የነዳጅ ቁጥር በወረቀት ይጻፍ ነበር። መኪናው ከወረቀቱ በታች ሲሆን ነጂዎቹ ይስቁ ነበር እንጂ ወርደው አይገፉም። እኛ ግን ሥልጡን ነን።»

ኅዳር ሲያልቅ የሉባባ መስመር አረንጓዴ ሆነ። የሰፈሩ ሁሉ ሆነ።

በታኅሣሥ አንድ ማታ ከገፊዎቹ መካከል ኢዮስያስ ነበር። እሱም ደሴ ነው የሚኖረው። ጃኬቱን አውልቆ ከሉባባ ጎን ትከሻውን ሰጠ።

«ሕጉ ይከለክላል?» አለችው እየገፋች።

«አይከለክልም። አላሰበውም።» ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር። «ግን ብዙ አትግፉ፣ እትዬ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የሚቀጥለው ዓመት ቁጥር የሚወጣው ከመንገድ ነው። በአገሪቱ ከሁሉ የተሻለ አማካይ ያሳየ የጉዞ መስመር ይመረጣል፤ የእሱ ቁጥር በዚህ ሞዴል መኪኖች ሁሉ በር ላይ ይጻፋል። ከስምንት የሚበልጥ ካልተገኘ ወደ አዳራሹ ቁጥር ይመለሳል። ከስምንት አትለፉ።»

ሉባባ በነጋታው ለእትዬ ዘውድነሽ ነገረቻቸው። እትዬ ዘውድነሽ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተናገሩ። ሁሉም ሰሙ፤ ሁሉም ልክ ነው አሉ። ያን ማታ የከማልን መኪና እስከ ስምንት አድርሰው ማቆም ነበረባቸው። ከማል ግን ባለፈው ሳምንት አባቱ ሞተውበታል፤ ለሐዘንተኛ ማን ልኩን ገፍቶ ያቆማል? እስከ ላይ አደረሱት። በማግስቱ ከማል የገፉለትን ሁሉ እስከ ላይ አደረሰ።

በነሐሴ የደሴና የኮምቦልቻ መስመር አማካይ 8.9 ነበር። በአገሪቱ አንደኛ ወጣ። ከኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ሰፊ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ «ሐረጎ ቻለ፤ ሁሉም ይችላል» ይላል። ከሥሩ የተራራው ሥዕል አለ። የሚገፋ ሰው አልተሣለም።

በ2075 መስከረም አንድ ቀን በሉባባ በር ላይ 8.9 ተጻፈ። ከጣርማ በር፣ ከጎሐ ጽዮን፣ ከሊማሊሞ በኩል ያንኑ ሞዴል የሚነዱ ሰዎች እየደወሉ ይጠይቁ ጀመር። አንዳንዱ በትሕትና፣ አንዳንዱ በስድብ። «ምን ብትበሉ ነው?» አለ አንዱ። እትዬ ዘውድነሽ ስልኩን ተቀብለው፣ «ወንፈል» አሉና ዘጉት።

አሁን አረንጓዴ ሆኖ ለመቆየት 8.0 ያስፈልጋል። ምርቃት የነበረው ግዴታ ሆነ። በየማታው ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ይገፋል፤ ለአንድ መኪና ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም። ሰው ከሥራ ወርዶ ወደ ሥራ ይሄዳል። በወገብ ሕመም የሚተኛ በዛ። ጋሽ ሽፈራው ዘጠና ሰባት ኪሎ ሆኑ፤ ሰኞ ጠዋት የሚሻማባቸው ቀነሰ።

በጥቅምት በእድሩ አዳራሽ ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ሐሳቡን ያመጡት ጋሽ ሽፈራው ነበሩ።

«ቁጥሩን የሰቀልነው እኛ ነን። የምናወርደውም እኛ ነን። ከነገ ጀምሮ ማንም አይግፋ። መኪናው የሚሄደውን ይሂድ፤ 6.6 ከሆነ 6.6 ይታይ።»

«ቀይ እንሆናለን» አለ ከማል።

«እንሁን። እስከ መስከረም በእግር እንሄዳለን፤ ኮምቦልቻ የምናድር እናድራለን። የሚሻል ካልታየ ቁጥሩ ወደ ስምንት ይመለሳል። ከዚያ ትንሽ እየገፋን እንኖራለን።»

አዳራሹ ተስማማ። ከዚያ አንድ በአንድ ሰው ዞሮ ሉባባን ያይ ጀመር። እንድሪስ አጠገቧ በመኪና ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ሉባባ ተነሣች። ከስብሰባው በፊት ኢዮስያስን አግኝታዋለች፤ የነገራትንም ሳትቀንስ ተናገረች።

«የእኔን መኪና ብቻ እንድትገፉ ልታስቡ እንደሆነ አውቃለሁ። አታስቡ። የማይሄድ መኪና አይቆጠርም። እናንተ ቀይ ስትሆኑ ከአማካዩ ትወጣላችሁ። መንገዱ ላይ እኔ ብቻ ከቀረሁ የሐረጎ አማካይ የእኔ ነው። የእኔን ስትገፉ የምትሰቅሉት ያንኑ ቁጥር ነው። እርምጃችሁ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።»

እንድሪስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ተራዬ በ2077 ነው። እጥበቱን ቀነስ ባደርገው...»

«ዶክተሩ ምን አለህ?» አሉት እትዬ ዘውድነሽ።

«ዶክተር ይጨቀጭቃል።»

«ምን አለህ ነው ያልኩህ!»

«ከሁለት ሳምንት አትዘልቅም አለኝ።»

እትዬ ዘውድነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ስማ። አልሄድም ካልክ በቃሬዛ ተሸክመን እናወርድሃለን፤ ዳገቱንም ተሸክመን እናወጣሃለን። እሱን ከምናደርግ ጎማ ያለው ነገር ይሻለናል።» ወደ ሰዉ ዞሩ። «ቁጥሩን ጳጉሜ ላይ እናስብበታለን። እሱ ነገ ቀጠሮ አለው።»

«እሺ፣ እስከ 8.0 ብቻ» አለች ሉባባ። «አላህ ያሳያችሁ፣ ከዚያ አንዲት ክንድ አትለፉ።»

«አንዲት ክንድ» አሉ ሁሉም።

በመጋቢት ከሉባባ መኪና በቀር የሰፈሩ መኪኖች ሁሉ ቀይ ነበሩ። ግቢ ውስጥ ቆመው ዶሮ ሰፈረባቸው። የኢዮስያስም ቀይ ሆነች፤ እሱ ኮምቦልቻ ቤት ተከራየ። ሰው ግን አሁን የራሱን የሚገፋው ስለሌለው ማታ ማታ እጁ ባዶ ነበር። ከዳገቱ ሥር እስከ ደሴ መግቢያ በየመታጠፊያው አንድ ቡድን ቆሞ መኪናዋን ይጠብቃል። የቀደመው ቡድን ለሚቀጥለው ያስረክባል።

ሉባባ 8.0 የሚሞላበትን ቦታ በነጭ ድንጋይ ምልክት አድርጋለች። በመጀመሪያው ማታ ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ «በቃ!» ብላ ሁለት እጇን አነሣች። ሰዉ ቆመ። ከፊት ባለው መታጠፊያ ላይ ግን አሥር የሚሆኑ ሰዎች ብርድ ላይ ቆመው ይታያሉ። አንደኛዋ እርጉዝ ናት። መኪናዋ በሞተር ብታልፋቸው ምን ይባላል? ለእንድሪስ ብለው ወጥተው፣ እጃቸው ሳይነካት?

«ለእነዚህ ብቻ» አለች ሉባባ።

ከእነዚህ ቀጥሎም ሌሎች ነበሩ። ተመለሱ የሚላቸው ሰው አልተገኘም፤ ሉባባም አልቻለችም። እንድሪስ መሪውን ይዞ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ አንገቱን አውጥቶ ይመርቃል፣ ይቀልዳል፣ በስም ይጠራል። ሉባባ ከኋላ እየገፋች የመስታወቱን ቁጥር ታያለች። ይወጣል። ልታስቆመው ብላ መግፋቱን ብትተው፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ትመለሳለች።

አንድ ማታ እጇን ከመኪናዋ ላይ አነሣች። ሌሎቹ ሲገፉ እሷ ከጎን ቆማ አየቻቸው። እትዬ ዘውድነሽ ዞረው አዩዋት።

«ደከመሽ?»

«አልደከመኝም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? የአንቺ ባል ነው እኮ።»

ተመልሳ ትከሻዋን አስጠጋች።

በ2076 መስከረም ባለሥልጣኑ የዓመቱን ቁጥሮች አወጣ። ለዚያ ሞዴል የተወሰነው 11.2 ነው። የተወሰደው ከደሴና ከኮምቦልቻ መስመር ሲሆን፣ በመግለጫው ግርጌ ናሙናው አንድ መኪና መሆኑ ተጽፏል። የአረንጓዴው ወሰን 10.1 ሆነ። እድሩ በጳጉሜ ሊያደርገው የነበረው ስብሰባ አልተካሄደም፤ በእነዚያ ማታዎች ሁሉም ሰው መንገድ ላይ ነበር።

በመጀመሪያው ሩብ ዓመት እንድሪስ አንድም ቀጠሮ አላለፈውም። በኅዳር ሠላሳ በተወሰደው ቆጠራ፣ በመላ አገሪቱ ከሚሄዱት የዚያ ሞዴል መኪኖች መካከል መስመሯ አረንጓዴ የሆነች አንዲት ብቻ ነበረች። አማካይዋ 10.3 ነው።